ከመኖሪያ ወለል የተገኘ ጥንታዊ ፖለን ስለ ዙሪያው ዕፅዋት ምን ያህል ይናገራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የቁፋሮ ቡድን ከጥንት መኖሪያ ቤት ወለል አፈር ወስዶ ላብራቶሪ ልኳል። በጠቅላላው 140 የፖለን (የአበባ ብናኝ) ቅንጣት ተቆጠረ፦ 81ዱ ፓይን (መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ)፣ 31ዱ ከሱፍ አበባ ቤተሰብ የሰላጣ ወገን የሆኑት፣ 13ቱ «የእህል ዓይነት» የተባሉ፣ ቀሪዎቹ 15 ልዩ ልዩ። ሊለዩ ያልቻሉ ቅንጣቶች አልተመዘገቡም፤ መለኪያ የሚሆን የውጭ ስፖርም (አበባ የሌላቸው ዕፅዋትና ፈንገሶች የሚራቡበት ቅንጣት) አልተጨመረም። «ቦታው በፓይን ደን የተከበበ ነበር፣ ነዋሪዎቹም ስንዴና ገብስ ያርሱ ነበር ብለን መጻፍ እንችላለን? ካልቻልንስ በመጪው የቁፋሮ ወቅት ምን እናስተካክል?» ይላል ጠያቂው።

ስለ ደኑ አትጻፉ። ስለ እህሉ አንድ ነገር ማለት ሳይቻል አይቀርም፤ እሱም ቢሆን ከእርሻው ይልቅ ስለ ውቂያና ስለ ጭድ የሚናገር ነው።

ከፓይን እንጀምር። የፓይን ቅንጣት በግራና በቀኝ ሁለት የአየር ከረጢት ስላለው ንፋስ ከተነሳበት ዛፍ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ሊያደርሰው ይችላል። ዛፉ የሚያመርተው የፖለን ብዛት ደግሞ ከሌሎች ዕፅዋት ጋር አይወዳደርም። አንድም ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ከዛሬው የአፈር ገጽ ናሙና ቢወሰድ፣ ፓይን ሁለት አሃዝ የመቶኛ ድርሻ ይዞ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ላይ ቅንጣቱ ተቀዳዶ አንድ ከረጢት ብቻ ቢተርፍ እንኳ ማንነቱ በቀላሉ ይታወቃል። የሌላው ዕፅ ቅንጣት በዚያው ልክ ቢጎዳ «የማይለይ» ተብሎ ያልፋል። ስለዚህ አፈሩ በተጎዳ ቁጥር የፓይን ድርሻ ራሱ ይጨምራል። የሰላጣ ወገንም እንዲሁ ነው። ልባሱ ወፍራም፣ በሾህና በሸንተረር የተሞላ ስለሆነ ሌላው ሲበሰብስ ይቆያል። ሁለቱ ተደምረው 80% ሲይዙና የተለየው የዕፅ ዓይነት ጥቂት ሲሆን፣ የምታዩት ዝርዝር ከብስባሴ የተረፉት ዝርዝር ነው። ባለሙያ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው አፈሩን ነው።

የፖለን ልባስ የተሠራበት ስፖሮፖለኒን አሲድ አይበግረውም፤ ላብራቶሪ ውስጥ በጠንካራ አሲድ የምናፈላውም ይህን ተማምነን ነው። የሚያጠፉት ኦክስጅን፣ ባክቴሪያና ሻጋታ፣ አልካላይነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደጋግሞ መርጠብና መድረቅ ናቸው። ውሃ እንደተኛበት የሚኖር፣ አየር የማያገኝ ረግረግ ደለል ፖለንን ለብዙ ሺህ ዓመታት ያቆያል። ፒኤቹ ከ6 በታች የሆነ አፈርም ደህና ነው። የመኖሪያ ወለል ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ይረገጣል፣ ይጠረጋል፣ አመድ ይደፋበታል፣ ጣሪያው ከወደቀ በኋላ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ከምድጃ ውስጥ ናሙና መውሰድማ ጭራሽ አይመከርም፤ እሳቱ ፖለኑን ያቃጥላል፣ አመዱ ደግሞ በኋላ የገባውን ያበላሻል። የምድጃ አፈር ለከሰልና ለፋይቶሊት (በዕፅዋት ሴል ውስጥ ለሚፈጠር የሲሊካ ቅንጣት) ይቀመጥ።

አንድ ናሙና እምነት ይጣልበት እንደሆነ የሚታወቀው ከትርጉሙ በፊት ነው። የመጀመሪያው ፈተና የክምችት መጠን ነው፤ ማለትም በ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስንት ቅንጣት እንዳለ። ለዚህም በአንድ ጡባዊ ውስጥ ያለው የስፖር ብዛት አስቀድሞ የታወቀ የሊኮፖዲየም (በስፖር የሚራባ ትንሽ ዕፅ) ጡባዊ ከማንኛውም ኬሚካል በፊት ይጨመራል። ቁጥሩ እንደ ባቹ (እንደ ምርቱ ዙር) ይለያያል፤ በጡባዊ ከ9 ሺህ እስከ 21 ሺህ ገደማ ስለሚደርስ የባች ቁጥሩን መመዝገብ ግድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የተጨመረው ስፖር በተቆጠረው ፖለን ይባዛል፣ በተቆጠረው ስፖርና በናሙናው መጠን ይካፈላል። ለምሳሌ 2 ሴንቲ ሜትር ኩብ ደለል ላይ 20,000 ስፖር ጨምራችሁ 300 ፖለንና 150 ስፖር ብትቆጥሩ፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ 10,000 ሳይሆን 20,000 ቅንጣት አለ ማለት ነው፤ በመጠኑ ማካፈልን መርሳት ወይም ሁለቴ ማካፈል የተለመደ ስህተት ነው። በተመሳሳይ ናሙና 60 ፖለን ለማግኘት 800 ስፖር ማለፍ ካስፈለገ ውጤቱ 750 ብቻ ይሆናል። ከ3,000 በታች የሆነውን በጥርጣሬ እዩት፤ ከ1,000 በታች የሆነውን ለአካባቢ ጥናት አትጠቀሙበት። እናንተ ስፖር ስላልጨመራችሁ 140ውን ለማግኘት ምን ያህል አፈር እንደታየ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከሁሉ የሚቆጨው ጉድለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የማይለዩት ናቸው። ፖለን መሆኑ የሚታወቅ ነገር ግን ስም ሊሰጠው ያልቻለ ቅንጣት ሁሉ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ይጻፋል፦ የታጠፈ፣ የተሰበረ፣ ልባሱ የተቦረቦረ፣ ወይም ሳስቶና ደብዝዞ የቀረ። መታጠፍና መሰበር ከመረገጥና ከመገፋፋት ይመጣል። መቦርቦር የጥቃቅን ሕያዋን ሥራ ነው፤ መሳሳት የኦክስጅን ነው። የማይለዩት ከ30% ካለፉ ወይም የተለዩት ዓይነቶች 10 ካልሞሉ፣ መቶኛውን እንደ ዕፅዋት ሽፋን ማንበብ ልክ አይሆንም።

ብዛቱም ራሱ ያንሳል። 13 ከ140 ማለት 9.3% ነው ብሎ መጻፍ ያሳስታል፤ የ95% የመተማመኛ ክልሉ ከ5.5 እስከ 15% ይዘረጋል። 10% የሆነ ዓይነት በ200 ቆጠራ ከ7 እስከ 15%፣ በ500 ቆጠራ ከ8 እስከ 13% ይሆናል። ለቁፋሮ ቦታ ናሙና 200 ዝቅተኛው ነው፤ ለሐይቅና ለረግረግ ከ300 እስከ 500 ይቆጠራል።

አሁን ወደ እህሉ። ከሣር ቤተሰብ ውስጥ እህል የሚባለው ዲያሜትሩ ከ40 ማይክሮን ገደማ በላይ የሆነና በአንዲቷ ቀዳዳው ዙሪያ ወፈር ያለ ቀለበት ያለው ቅንጣት ነው። ይህ መመዘኛ ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል። አንደኛ፣ ትልልቅ ቅንጣት ያላቸው የዱር ሣሮች አሉ፤ በተለይ የስንዴና የገብስ የዱር ዘመዶች በሚበቅሉበት ምድር መጠን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው ማሽላና ዳጉሳን የመሰሉ ሰብሎች ከዱር ዘመዶቻቸው በፖለን አይለዩም። ሁለተኛ፣ ስላይዱ በግሊሰሪን ጄሊ የተዘጋጀ ከሆነ ቅንጣቱ በጊዜ ብዛት ያብጣል፤ 36 ማይክሮን የነበረው የዱር ሣር 40ን ተሻግሮ «ስንዴ» ይሆናል። ስለዚህ የ13ቱን ቅንጣት ዲያሜትር፣ የቀለበቱን ስፋትና የተዘጋጀበትን ቅባት ሳታዩ «የእህል ዓይነት» የሚለውን አትቀበሉ።

ልኬቱ ትክክል ከሆነ ግን ነገሩ ደስ የሚል ነው። ስንዴና ገብስ አበባቸው ሳይከፈት ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ፖለናቸው በነፋስ አይሄድም፤ አብዛኛው በገለባው ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና ሲወቃና ሲበጠር ይበተናል። ከእርሻው ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ 1% ማግኘት ከባድ ሆኖ ሳለ፣ ቤት ውስጥ 9% ከተገኘ ያልተበጠረ እህል ወይም ጭድ እዚያ ገብቷል ማለት ነው። ጭድ ለመኝታ፣ ለጭቃ ማቡኪያ፣ ለከብት ይሆናል። እርሻው ግን በር ላይ ይሁን የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ከፖለኑ አይታወቅም። ከዚህ የተለየው ራይ የተባለው እህል ነው፤ በነፋስ ስለሚዳቀል ፖለኑን ወደ ውጭ ይረጫል።

ፖለኑ ወደ ቦታው እንዴት ደረሰ የሚለው ጥያቄ ችላ ሲባል ምን እንደሚከተል በሰሜን ኢራቅ ያለው የሻኒዳር ዋሻ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1960 የተገኘው ሻኒዳር 4 የተባለው የኒያንደርታል (የጠፋ ጥንታዊ የሰው ወገን) አፅም ዙሪያ የአበባ ፖለን በዘለላ ተገኝቶ፣ የፖለን ተመራማሪዋ አርሌት ሌሯ ጉራን በ1975 ባወጣችው ጽሑፍ ሟቹ በአበባ ታጅቦ እንደተቀበረ ተቆጠረ። በኋላ ግን በዚያው ንብርብር የአይጥ ጉድጓድ መኖሩና የአካባቢው የዱር አይጦች አበባ ወደ ጉድጓዳቸው የሚያስገቡ መሆናቸው ተነሳ፤ በቅርቡ ደግሞ መሬት ቆፍረው የሚኖሩ ንቦች ተጠርጥረዋል። በእናንተ ናሙና 31ዱ የሰላጣ ወገን ቅንጣቶች ተበታትነው ነው ወይስ ተጣብቀው የተገኙት? ተጣብቀው ከሆነ የንብ ጎጆ መጠርጠር አለበት። ዘለላ ሲገኝ የዘለላው ቁጥርና በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ለየብቻ ይጻፋሉ፤ እንደ 31 የተለያየ ማስረጃ መቁጠር መቶኛውን ያዛባል።

ለመጪው ወቅት ሥራው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ቁፋሮው ውስጥ ሰዎች ያደረጉትን፣ ከቁፋሮው ውጭ ደግሞ አካባቢውን ፈልጉ። አንዱን ከሌላው መጠበቅ ነው ብዙ ሪፖርት የሚያበላሸው።

ቁፋሮው ውስጥ ተመራጭ የሚሆኑት ተከድነው የቆዩ ቦታዎች ናቸው፦ ከግድግዳ መሠረት ወይም ከወደቀ ድንጋይ ሥር ያለ የተቀበረ አፈር፣ ውሃ ያልተለየው የጉድጓድ ታች፣ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከመዳብና ከነሐስ ዕቃ ጋር ተጣብቆ የቆየ አፈር። የመጨረሻው ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የመዳብ ጨው ጥቃቅን ሕያዋንን ስለሚገድል፣ ዙሪያው ባዶ ሆኖ ሳለ ዕቃው ላይ ፖለን ሊገኝ ይችላል። ማሰሮ ከሆነ ከውስጥ ታችኛው ክፍል ጋር ከውጭው ያለውም አፈር አብሮ ይወሰድ፤ ሁለቱ ከተመሳሰሉ የማሰሮው ይዘት ምንም አልነገራችሁም። የጭቃ ጡብ ላይ ጊዜ አታባክኑ፤ ፖለኑ ጭቃው የተቆፈረበት ቦታና ጭዱ የመጣበት ቦታ ድብልቅ ነው።

አወሳሰዱ ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቀላሉ ነገር ነው። የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች አጽዱ፤ እያንዳንዱ ፍቀት ግን አግድም ይሁን፣ ቁልቁል ከተፋቀ የላይኛው ንብርብር ታችኛው ላይ ይለቀለቃል። ናሙናው የሚወሰደው ግን ከታች ወደ ላይ ነው፤ የሚረግፈው አፈር ገና ባልተነካው ላይ እንዳይወድቅ። ግድግዳው እንደጸዳ ወዲያው ይወሰድ፤ ለአንድ ቀን ተከፍቶ ያደረ ግድግዳ የዛሬ ፖለን ለብሷል። ለአንድ ዝግጅት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቢበቃም፣ ደረቅ የቁፋሮ አፈር ፖለኑ ሳሳ ስለሚል ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ያዙ። ማንኪያው በየናሙናው በተጣራ ውሃ ይታጠብ። አፈሩ በንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት፣ በድርብ፣ ታሽጎ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ። ረጥቦ የተወሰደ ረጥቦ፣ ደርቆ የተወሰደ ደርቆ ይቆይ።

ማነጻጸሪያ ያለው ናሙና ብቻ ነው የሚያሳምነው። ከቁፋሮው ዙሪያ በ50 ሜትር ክልል ውስጥ ከ20 ቦታ የአፈሩን ገጽ በጣት ቆንጠር ቆንጠር አድርጋችሁ አንድ ላይ ቀላቅሉ፤ የዛሬው ዕፅዋት በዛሬው አፈር እንዴት እንደሚታይ ይነግራችኋል። ቫዝሊን የተቀባ ስላይድ ናሙና በሚወሰድበት ሰዓት ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ አየሩ ምን እንደሚያመጣ ያሳያል። ላብራቶሪው ደግሞ በየዙሩ አንድ ቱቦ አፈር ሳይኖርበት፣ በጡባዊው ብቻ፣ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ያዘጋጅ። እዚያ ቱቦ ውስጥ ፓይን ከተገኘ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ለአካባቢው ታሪክ ግን ወደ ረግረጉ ወይም ወደ ሐይቁ መሄድ ነው። ስፋቱ የሚወስነው ምን ያህል ርቀት እንደሚያይ ነው። ዲያሜትሩ ከ30 ሜትር በታች የሆነ ኩሬ በአብዛኛው በዙሪያው ጥቂት አስር ሜትሮች ላይ የበቀለውን ይይዛል፤ መቶ ሜትሮች የሚሰፋ ሐይቅ የአስሮች ኪሎ ሜትር ድምር ነው። የመንደሩን መስፋፋት የሚፈልግ ትንሹን፣ የአየር ንብረቱን የሚፈልግ ትልቁን ይምረጥ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ረግረግ ላይ የሩሲያ ኮረር (ደለልን ቆርጦ የሚያወጣ መሣሪያ) 50 ሴንቲ ሜትር ክፍል በየተራ ያወጣል፤ ጫፉ የታችኛውን ደለል ስለሚበጠብጥ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ሁለተኛ ጉድጓድ ተቆፍሮ ክፍሎቹ እንዲደራረቡ ይደረጋል። መጀመሪያ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቆጥራችሁ ለውጡ የት እንዳለ እዩ፤ ከዚያ ሰፈራው የነበረበትን ጊዜ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ አጥብቡት። ደለሉ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ከተጠራቀመ 1 ሴንቲ ሜትር 10 ዓመት ይሸፍናል።

ዕድሜው በኤኤምኤስ ራዲዮካርቦን (ትንሽ ቁስ በሚበቃው የካርቦን-14 ልኬት) ይለካ፤ የሚለካውም የመሬት ላይ ዕፅ ዘር ወይም ቅጠል ይሁን። የውሃ ዕፅና ጥሬ ደለል በኖራ ድንጋይ አካባቢ ከድንጋዩ የወጣ አሮጌ ካርቦን ስለሚወስዱ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ ዓመት በላይ አርጅተው ይወጣሉ። ያኔ የደን ምንጣሮው ከመንደሩ በፊት የተከሰተ ይመስላል፤ ለማይኖር ነገር ማብራሪያ ፍለጋ ይጀመራል።

ላብራቶሪው ውስጥ ቅደም ተከተሉ የራሱ ምክንያት አለው። ጡባዊው ገብቶ 10% ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመራል፤ ካርቦኔቱንም ጡባዊውንም ያሟሟል፣ አረፋው ከበዛ የአልኮል ጠብታ ያበርደዋል። ካርቦኔቱ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ፣ በኋላ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሲገባ የማይሟሟ ካልሲየም ፍሎራይድ ይፈጠርና ስላይዱ ይጨልማል። ቀጥሎ 10% ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በሙቅ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፤ ከዚያ ካለፈ ቅንጣቶቹን ይጎዳል። በ150 ወይም በ180 ማይክሮን ወንፊት ተጣርቶ ከላይ የቀረው አይደፋ፤ ዘርና ቅጠል ያለው እዚያ ነው። ሲሊካውን ለማውጣት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለ ልዩ የጋዝ መምጠጫ፣ ያለ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄልና ያለ ሠለጠነ ሰው አይነካም፤ ቀጠን ያለው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ይችላል፣ ያኔ ወደ ውስጥ ገብቷል። ብርጭቆ ስለሚበላ ቱቦው ፕላስቲክ ይሁን። ይህ ሁሉ ከሌለ በ1.9 እና በ2.0 መካከል ጥግግት ያለው የሶዲየም ፖሊታንግስቴት ፈሳሽ ይበቃል፤ ፖለኑ ይንሳፈፋል፣ ማዕድኑ ይዘቅጣል። ካልሲየም ሲያገኝ ስለሚረጋ ግን ቱቦና አፈሩ በተጣራ ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይታጠቡ። በመጨረሻ አሴቶሊሲስ (ሴሉሎስን በአሲድ ማስወገድ) ይመጣል፦ 9 እጅ አሴቲክ አንሃይድራይድና 1 እጅ ድፍን ሰልፈሪክ አሲድ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። ድብልቁ ከውሃ ጋር በኃይል ስለሚፈነዳ ናሙናው በፊትም በኋላም በግላሲያል አሴቲክ አሲድ ይታጠባል። መጠን የሚለካ ከሆነ በሲሊኮን ዘይት ይዘጋጅ፤ ዘይቱ አያሳብጥም፣ ቅንጣቱንም እየገለበጡ ለማየት ያስችላል። ሲቆጠርም ስላይዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ርቀት መስመር ማለፍ ነው፤ ትንንሾቹ ቅንጣቶች ወደ ሽፋኑ ጠርዝ ስለሚገፉ መሃሉን ብቻ የቆጠረ ትልልቆቹን ያበዛል።

ሠንጠረዡ ሲነበብ መቶኛ ሁልጊዜ 100 መሙላት እንዳለበት አስታውሱ። ቄጤማ ረግረጉ ዳር ስለበዛ ብቻ ዛፉ የቀነሰ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ የውሃ ዳር ዕፅዋት ከድምሩ ውጭ ይሰላሉ። ዛፉ በእውነት መቀነሱን የሚያረጋግጠው ክምችቱም አብሮ ሲወርድ ነው። ዴንማርካዊው የፖለን ተመራማሪ ዮሐንስ ኢቨርሰን በ1941 ያሳየው ቅደም ተከተል አሁንም ይጠቅማል፦ የዛፍ ፖለን ይወድቃል፣ ሣርና ጎርተብ ይነሳሉ፣ ቆይቶም ቁጥቋጦና ዛፍ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ለውጥ ከእበት ላይ ከሚበቅለው የስፖሮርሚየላ ፈንገስ ስፖርና ከከሰል ብናኝ ጋር አንድ ላይ ከተነሳ የከብትና የሰው እጅ አለበት ማለት ይቻላል። ባቄላ፣ አተርና አብዛኛው ፍራፍሬ በነፍሳት የሚዳቀሉ ስለሆኑ በፖለን ውስጥ አለመታየታቸው ምንም አያረጋግጥም፤ እነሱን የከሰለ ዘር ነው የሚያወጣቸው። ፓይን ቦታው ላይ በእርግጥ በቅሎ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁም መቶኛውን ተዉትና በዚያው ስላይድ ላይ የመርፌ ቅጠሉን የአየር ቀዳዳ ሴሎች ፈልጉ፤ እነሱ በነፋስ ሩቅ አይሄዱም። የምድጃው ከሰል ከምን እንጨት እንደሆነም ይመርመር።

እስከዚያው ያሉትን ስላይዶች አትጣሉ። ያልታከመ አፈር ተርፎ ከሆነ 2 ጡባዊ ተጨምሮበት እንደገና ይዘጋጅ፤ ከስላይዱም የማይለዩት ከነጉዳታቸው ይቆጠሩ፣ ዘለላዎቹ ይመዝገቡ፣ 13ቱ ቅንጣቶች ይለኩ። ክምችቱ ከ1,000 በታች ከወጣ በሪፖርቱ ላይ «ፖለን በቂ ሆኖ አልተጠበቀም» የሚል አንድ መስመር ከነቁጥሩ ጻፉና ሠንጠረዡን አውጡት። ከዚያ በላይ ከሆነ የእህሉን ክፍል በወለሉ ላይ ስለተሠራው ሥራ ጻፉት፤ የፓይኑን ቁጥር በሠንጠረዡ አስቀምጡት፣ ትርጉም ግን አትስጡት።